ቦዬ ላይ ጉማሬ መንገድ ዘጋብን! ክረምት ላይ ጅማ ዙሪያ የት የት ትወጣላችሁ?

የሁለት ልጆች አባት | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ጅሜዎች። ይህን የምጽፈው ልጆቹን አስተኝቼ ነው። ጉልበቴ አሁንም ልክ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ ልጆቹ ቤት ታሽገው ነው የከረሙት። ዝናቡ አይለቅም፣ መብራት ይሄዳል፣ በአንድ ስልክ ሲጣሉ ይውላሉ። ባለቤቴ ሐሙስ ዕለት «ወይ አንተ ይዘሃቸው ውጣ፣ ወይ እኔ ብቻዬን እወጣለሁ» አለችኝ። ሽርሽር ሲባል እኔ ሐሳቤ የሚሄደው ላንጋኖና አርባ ምንጭ ነው፣ ኪሴ ግን ከባጃጅ አያልፍም። ጠዋት ስነሳ ሰማዩ ደመና ቢሆንም አልጣለም። የጅማ ክረምት መቼስ ጠዋቱን ይሰጥህና ከሰዓቱን ይወስድብሃል። ቦት ጫማ አደረግን፣ ቆሎና ጥቂት ሙዝ በፌስታል ያዝን፣ ኮንትራት ባጃጅ ተሳፍረን ቦዬ ረግረግ ወረድን። 1 ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር።

ሣሩ ልጆቹን ዋጥ የሚያደርግ ነው። በመሃሉ ደግሞ ደህና የተረገጠ መንገድ አገኘሁ። «ሰው የሚሄድበት ነው» ብዬ ልጆቹን አስከትዬ ገባሁ። ትንሽ እንደሄድን አንድ ከብት ጠባቂ ልጅ ከዳገቱ ላይ «ሮቢ! ሮቢ!» እያለ ይጮህብናል። ጅማ ከመጣሁ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ኦሮምኛዬ ግን ከገበያ አላለፈም። ሮቢ ማለት ረቡዕ መሆኑን አውቃለሁ። «የለም፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው!» ብዬ መለስኩለት፣ እጄንም አውለበለብኩለት።

ትንሿ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ሱሪዬን ጎተት አድርጋ «አባዬ፣ ያ ድንጋይ ለምን ጆሮ አለው?» አለችኝ።

ዞር ስል ከኋላችን በስተግራ፣ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው፣ የቆመ ነገር አለ። ጀርባው እርጥብ፣ ቡናማና ሮዝ የተቀላቀለበት፣ ሣር አፉ ላይ ተንጠልጥሏል። ጆሮዎቹን ብቻ ቶሎ ቶሎ ያሽከረክራል። እኛ በእሱና በውሃው መካከል ነን። ምን እንዳደረግኩ ብትጠይቁኝ ምንም አላደረግኩም፣ ደርቄ ቀረሁ። ያ ልጅ ነው ሮጦ ወርዶ የልጄን እጅ የያዘው። «አስ ኮታ! ሱታ፣ ሱታ!» (ወደዚህ ኑ! ቀስ፣ ቀስ!) እያለ ወደ ጎን፣ ወደ ዳገቱ ወሰደን። ሳንሮጥ ወጣን። መንገዱ ሲለቀቅለት ጉማሬው እኛን ዞር ብሎ ሳያይ ሄዶ ውሃው ውስጥ ገባ። ድምፁ የጤፍ ጆንያ ጭቃ ላይ ሲጎተት ዓይነት ነው። ፌስታሉ እዚያው ወድቆ ቀረ። ሙዙ ተረገጠ።

ታላቁ ልጄ እስካሁን እያወራ ነው፣ «በሚቀጥለው ቅዳሜስ?» ይለኛል። እስቲ የምታውቁ ምከሩኝ። የት ይኬዳል? ምን ይታያል? ሰውስ እንዴት ነው ከነዚህ ነገሮች ጋር ሳይጋጭ የሚመለሰው?

ጭቃ ጠላሁ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡31

ወንድሜ ልጆችህ በመትረፋቸው እግዜርን አመስግን። ግን በግልጽ ልንገርህ፣ የስድስት ዓመት ሕፃን ይዞ ረግረግ መግባት ጉብዝና አይደለም። ሽርሽር የሚባለው ጥቅምት ላይ ነው። ክረምት እቤት ቁጭ ብሎ በቆሎ መጥበስ ነው።

የባዮሎጂ መምህር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡02

@የሁለት ልጆች አባት፣ ያ «ደህና የተረገጠ መንገድ» የሰው መንገድ አይደለም። የራሱ የጉማሬው ነው። ማታ ከውሃ ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ አንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ይበላል፣ ጎህ ሲቀድ በዚያው በለመደው መንገድ ይመለሳል። ስለዚህ በረግረግ ዳር ሣሩ ተኝቶ፣ መሬቱ ቦይ መስሎ ወደ ውሃ የሚወርድ ነገር ካየህ አትግባበት። ከሰው ቤት በር ላይ እንደመቆም ነው።

ታዲያ ነግቶ ለምን ውጭ አገኘኸው? ደመናው ነው። የጉማሬ ቆዳ ፀሐይ አይችልም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ቀኑን ውሃ ውስጥ የሚያሳልፈው ለዚህ ነው። ሰማዩ ሲጨልም ግን ሳይቸኩል ይቆያል። ክረምት ላይ ጠዋት ማየት የሚቀለው፣ አደጋውም የሚበዛው በአንድ ምክንያት ነው። ያየኸው ሮዝ ነገርም ደም አይደለም፣ ቁስልም አይደለም። ከቆዳው የሚወጣ ፈሳሽ ነው፣ ከፀሐይም ከጀርምም ይከላከልለታል። ሰው በስህተት ደም ያልባል ይላል።

ሰውን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውሃው የሚመለስበት መንገድ ሲዘጋበት ወይም ግልገል ስትኖር ነው። ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ሆኖ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። አንተ በቦት ጫማ ጭቃ ላይ ስንት ትሮጣለህ? ያ ልጅ ያደረገው በትክክል የሚደረገውን ነው። ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ፣ ሳይሮጡ፣ መንገዱን ለቆ።

የኮቺው | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡09

«የለም፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው» 😂😂😂 አቦ ገደልከኝ! ባለቤቴን ቀስቅሼ አነበብኩላት።

ሮቢ ረቡዕም ነው፣ ጉማሬም ነው። ዝናብ ደግሞ ሮባ ነው። ክረምት ላይ ረቡዕ ቀን ቦዬ ብትሄድ ሦስቱንም በአንድ ቃል ታገኛለህ።

የሁለት ልጆች አባት | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡20

አሥር ዓመት ሙሉ የነገረኝ የለም እኮ! 😂

@ጭቃ ጠላሁ፣ ልክ ነህ፣ ዝም ብዬ መግባቴ ስህተት ነው። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ልጄ እስከዛሬ ጉማሬ የምታውቀው ፊደል ገበታ ላይ ነው። ቤታችንና ጉማሬው መሃል ያለው የባጃጅ መንገድ መሆኑን ሳናውቅ መኖራችን ነው የቆጨኝ።

@የባዮሎጂ መምህር፣ መምህር እግዜር ይስጥልኝ። ታላቁ «ስንት ደቂቃ ነው ውሃ ውስጥ ሳይተነፍስ የሚቆየው?» ብሏል።

የባዮሎጂ መምህር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡34

አምስት ደቂቃ ያህል። ደግሞ ይህን ንገረው፣ እንደ ዓሣ አይዋኝም፣ የውሃውን ወለል እየረገጠ ነው የሚሄደው። በጠለቀበት ቦታ ይወጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፣ ሌላ ቦታ ብቅ ይላል።

ቂቶ ያደግሁ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡45

ይህን ክር ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እኛ ያደግነው ቂቶ ረግረግ ዳር ነው። እናቴ ቄጤማ አጭዳ ትሸጥ ነበር። ለበዓል ዋዜማ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታ ትወርዳለች፣ እኔ ፋኖስ ይዤ አብሬያት። ጨፌው ውስጥ ውሃው ጉልበት ይደርሳል፣ እግርህን ስታነሳ ጭቃው ይጠባሃል፣ አልቅት ደግሞ አለ። ማጭዱ ሣሩን ሲቆርጠው የሚወጣውን ሽታ ታውቃላችሁ? ቡና ሲፈላ ቤታችሁ ውስጥ የሚሸተው ነው፣ እዚያ ግን በሺህ እጥፍ።

አንድ ጊዜ ጭላንጭል ሲል እናቴ ማጨዷን አቁማ እጇን አፌ ላይ አደረገች። ከፊታችን ሁለት ክሬኖች ቆመዋል፣ እነዚያ አናታቸው ላይ ወርቃማ ዘውድ ያላቸው፣ ጉንጫቸው ላይ ነጭና ቀይ ያለባቸው። አንደኛው አጎነበሰ፣ ዘለለ፣ ክንፉን ዘረጋ። ሌላኛው መለሰለት። እየጨፈሩ ነው! እናቴ ገበያ እየረፈደባት እንኳን እስኪጨርሱ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ በኋላ «ባለ ዘውዶቹ ሰርግ ላይ ነበርን» እያለች ለሰው ታወራ ነበር።

አሁን እዚያ ብትሄዱ ግማሹ የሸክላ ጡብ ማምረቻ ጉድጓድ ነው። ጭቃው ይቆፈራል፣ ይደርቃል፣ ይቃጠላል። ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ ይዞታል። ሰው ይብላ፣ አልፈርድም፣ የእኛም ቤት በዚያው ጡብ ነው የተሠራው። ግን ስትሄዱ እያያችሁ ሂዱ።

ካሜራ ያዡ | እሑድ፣ ከጠዋቱ 2፡30

@ቂቶ ያደግሁ፣ ደስ የሚል አጻጻፍ። ክሬኖቹን እኔ ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ቦዬ አይቻቸዋለሁ፣ አራት ነበሩ። ማታ ዛፍ ላይ ይወጣሉ ደግሞ። መጀመሪያ ሳይ አላመንኩም ነበር።

ለፎቶ ሰዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። ክረምት ላይ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ወፍ እንደ ጉድ ነው፣ ግን ሌንስ ላይ ጉም ይቀመጣል። ካሜራውን ከሞቀ ቤት አውጥታችሁ ወዲያው አትክፈቱ። እኔ አንዲት ወፍ ስከታተል አንድ ጠዋት ሙሉ ያነሳሁት በሙሉ ጉም ነው። አረንጓዴ ናት፣ ዓይኗ ዙሪያ ነጭ አለ፣ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ ትሮጣለች፣ ስትበር ግን ክንፏ ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል። ጅሬን መንገድ ዳር ዛፎች ላይ ትገኛለች። ስሟን የሚያውቅ አለ?

የባዮሎጂ መምህር | እሑድ፣ ከጠዋቱ 2፡52

ቱራኮ ነች። የክንፏ ቀይ ቀለም መዳብ ያለበት ነው። አብዛኞቹ ወፎች አረንጓዴ የሚመስሉት በብርሃን አሰባበር ነው፣ ቱራኮ ግን አረንጓዴዋም ቀይዋም እውነተኛ ቀለም ነው። ለፎቶህ ግን መፍትሔ የለኝም።

ክሬኖቹ ዛፍ ላይ የሚያድሩት የኋላ ጣታቸው ረጅም ስለሆነ ነው፣ ቅርንጫፍ ይይዝላቸዋል። ሌሎቹ የክሬን ዝርያዎች ይህን አይችሉም።

ጀበና | እሑድ፣ ከቀኑ 6፡15

ሁላችሁም ስለ ጉማሬ ታወራላችሁ። እኔን ያዋረደኝ ጉንዳን ነው።

ባለፈው ነሐሴ ከአክስቴ ልጆች ጋር በለጠ ጫካ ሄድን፣ ሼቤ አካባቢ በቦንጋ መንገድ። ከጫካው ጥግ አንድ የቡና ገበሬ ዘመድ አለን። ጀበና ይዘናል፣ ስኒ ይዘናል፣ ረከቦት ሳይቀር! ደኑ ውስጥ ቡና ሥር ቡና ልንጠጣ ነው። ዝናብ አቁሟል፣ ከዛፉ ግን ጠብ ጠብ ይላል። ከላይ ከቀረሮ ዛፍ ላይ ጉሬዛዎች አሉ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጅራታቸው እንደ ጭራ ተንዠርጓል። አንገቴን አቅንቼ አያለሁ። አያለሁ። አያለሁ።

መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቴን የነካኝ ነገር ነበር። ሣር መሰለኝ። ከዚያ ጉልበቴ። ከዚያ... በቃ። የቆምኩት በገብረ ጉንዳን ሰልፍ መሃል ላይ ነው። ጮኼ ሮጥኩ፣ ረከቦቱ ተገለበጠ፣ ዘመዳችን ኦቦ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ ወዲያው ፊታቸውን ወደ ዛፍ አዞሩና «አውልቂ ልጄ፣ አላይም፣ አውልቂ!» አሉኝ። ሱሪዬን ቡና ሥር አውልቄ በነጠላ ተጠቅልዬ ነው ጉንዳን ስለቅም የዋልኩት። ጭንቅላቱ ሰውነቴ ላይ ተነክሶ ይቀራል፣ ከወገቡ በታች ይበጠሳል! ጉሬዛዎቹ ከላይ ቁጭ ብለው አይተውኛል። አንዳቸውም አልተነሱም።

ምክሬ ይኸው። ክረምት ላይ ጫካ ስትገቡ ቆማችሁ ወደ ላይ ከማየታችሁ በፊት ወደ ታች እዩ። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

የኮቺው | እሑድ፣ ከቀኑ 6፡20

«አላይም፣ አውልቂ» 😭😭 ይሄ ክር ለጤናዬ ጥሩ አይደለም።

የሼቤ ልጅ | እሑድ፣ ከቀኑ 7፡05

@ጀበና እህቴ እንኳን ተረፍሽ። ጉሬዛዎቹ ያልተነሱት ንቀውሽ አይደለም። ቅጠል ነው የሚበሉት፣ ቅጠል ደግሞ ቶሎ አይፈጭም፣ ስለዚህ በልተው ረጅም ሰዓት ይቀመጣሉ። ማየት የፈለገ ሰው ጎህ ሲቀድ ይምጣ። ገና ጨለማ ሳለ አንዱ ይጀምራል፣ ጉርርርር ብሎ፣ ከወዲያ ማዶ ሌላው መንጋ ይመልሳል። እኛ ልጆች ሆነን ሰዓታችን እሱ ነበር። ግልገላቸው ስትወለድ ነጭ ናት፣ ጥጥ የመሰለች። እጃቸውንም በደንብ ካያችሁ አውራ ጣት የላቸውም።

ስለ በለጠ ደን አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ደን ዝም ብሎ የቆመ አይደለም። ከ2003 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጀምሮ በጃይካ፣ በጃፓን መንግሥት የትብብር ድርጅት፣ ድጋፍ የአካባቢው ገበሬ በማኅበር ተደራጅቶ ደኑን እንዲጠብቅና እንዲጠቀም ሲሠራ ቆይቷል። ማኅበሩን ዋቡብ ይሉታል። ገበሬው ቡናውን ከደኑ ይለቅማል፣ ማሩን ከዛፍ ላይ ቀፎ ያወርዳል፣ ስለዚህ ደኑ ከሌለ ቡናውም ማሩም የለም። ስትመጡ ቀጥ ብላችሁ ጫካ አትግቡ። መንደር ውስጥ ጠይቁ፣ አንድ ልጅ ይዛችሁ ግቡ፣ የሰው ቡና አትርገጡ፣ ከቀፎ ሥር አትቁሙ። ይህን የምለው ባለፈው ከከተማ የመጡ ወጣቶች ድምፅ ማጉያ ይዘው ገብተው ንብ አስነስተው ስለሄዱ ነው። እነሱ መኪና ነበራቸው፣ የተነደፈው የኛ ከብት ነው።

ጭቃ ጠላሁ | እሑድ፣ ከቀኑ 7፡40

ጉማሬ፣ ጉንዳን፣ ንብ፣ አልቅት። እና ሰው ለዚህ ብሎ ከቤቱ ይወጣል?

ጀበና | እሑድ፣ ከቀኑ 7፡44

አዎ 😌

ነርሷ | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡20

እኔ ደግሞ ደስታችሁን ላደፈርስ ነው፣ ይቅርታ። ልጆች ይዛችሁ ለምትወጡ ግን ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ሰው በጣም የሚዘናጋው በጦጣ ነው። ጉማሬን ሁሉም ይፈራል፣ ጦጣን ግን «ነይ እንኪ» ብሎ ሙዝ ይሰጣል። አንድ ጊዜ ከሰው እጅ የበላ ጦጣ በሚቀጥለው ጊዜ ሳትሰጡት ይነጥቃል፣ ብትከለክሉት ይነክሳል። ሥራ ላይ እያለሁ እጁን የተነከሰ የሰባት ዓመት ልጅ መጥቶ ያውቃል። እናቱ ቁስሉን በቡና ዱቄት ሞልታው ነበር። እንዲህ አይደረግም። ጦጣም ይሁን ውሻ ወይም ሌላ አውሬ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ፣ ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ ነው። ሰዓት ያዙ፣ 15 ደቂቃ ረጅም ነው። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ ማዳን አይቻልም፣ ክትባቱ ግን ቀድሞ ከተሰጠ ያድናል። «ትንሽ ጭረት ናት» አትበሉ።

ሌላው ወባ ነው። ዝናቡ ሲያቆም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ይበረታል። ረግረግ ዳር ሊመሽባችሁ ከሆነ ረጅም እጅጌ ልበሱ። ከሽርሽር በኋላ ልጅ ካተኮሰው «ብርድ መትቶት ነው» ብላችሁ ሦስት ቀን አትጠብቁ።

የሁለት ልጆች አባት | እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡35

@ነርሷ እህቴ እናመሰግናለን። ይኼ እንዲያውም ከላይ መለጠፍ ያለበት ነው። እኔ እኮ ሙዝ የያዝኩት ጦጣ ካገኘን ብዬ ነበር። 🤦

አወያይ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡00

የነርሷን መልስ ከላይ ሰክቼዋለሁ። ስለ ጅብ የተጀመረውን ጭቅጭቅ ከነስድቡ አጥፍቻለሁ፣ በጨዋ ቋንቋ መቀጠል ይቻላል።

የኮቺው | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡12

እሺ በጨዋ ቋንቋ። እኔ ያልኩት ይኸው ነበር። ማታ ከሥራ ስመለስ ጅብ በሳምንት ሁለቴ አገኛለሁ፣ ቆሻሻ መጣያው ጋ። እሱም ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ፣ እሱ ወደ ሥራው እኔ ወደ ቤቴ። ሰፈራችን ውሻ ሞቶ መንገድ ላይ ሲጣል ጠዋት አታገኘውም። ማን አነሳው? አጥንቱን ሳይቀር ቆርጥሞ የሚያጸዳ እሱ ነው። ኩሱ ነጭ የሚሆነው ከአጥንቱ ነው ይላሉ።

የባዮሎጂ መምህር | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡25

እውነት ነው። ደግሞ «እሱ» የምትለው «እሷ» ልትሆን ትችላለች። ጅብ ውስጥ ሴቷ ትበልጣለች፣ መንጋውንም የምትመራው እሷ ናት። ግን በሳምንት ሁለቴ ተገናኘን ብለህ አትላመድ። ሕፃን ልጅ በጨለማ ብቻውን አይላክም፣ ውጭም አይተኛም። ይህ ጭቅጭቅ አያስፈልገውም።

ከጅማ የራቅኩ | ሰኞ፣ ከሌሊቱ 9፡50

ከሩቅ አገር ሆኜ ነው የማነበው፣ እዚህ ቀን ነው። አንድ ጥያቄ አለኝ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በኛ ግቢ ጀርባ ትልቅ ሾላ ነበር። ፍሬው ሲበስል እነዚያ ምንቃራቸው ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበ የሚመስሉ ትልልቅ ጥቁርና ነጭ ወፎች ይመጡ ነበር። ሲበሩ ክንፋቸው ባቡር ነው የሚመስለው፣ ፉፍ ፉፍ ፉፍ። እንደ አህያ ይጮሃሉ። አባቴ ከሰዓት እንቅልፍ ስለሚነሱበት በጣም ይጠላቸው ነበር፣ ድንጋይ ያነሳና መልሶ ያስቀምጣል። አሁንም ይመጣሉ?

ካሜራ ያዡ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡10

ይመጣሉ! ሾላ ባለበት ሁሉ አሉ። ሆርንቢል ናቸው። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል ዛፍ ቦርቡራ ያለበት ትገባና በሩ በጭቃ ይደፈናል፣ ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ይቀራል። ባሏ በዚያች ስንጥቅ ፍሬ እያቀበለ ለወራት ይቀልባታል። ሾላ ጎሮሮው ውስጥ ይዞ ይመጣና አንድ አንዱን እየመለሰ ይሰጣታል።

ጀበና | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡18

እኔን ጤፍ ገዝቶ መምጣት ያቃተው ሰውዬ ይህን ያንብብ።

ከጅማ የራቅኩ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

አመሰግናለሁ ካሜራ ያዡ። አባቴ ይህን ቢያውቅ ኖሮ ድንጋዩን ባላነሳ ነበር። ወይም ያነሳ ነበር፣ አላውቅም። 🙂

የሁለት ልጆች አባት | ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡40

ሰላም ሁላችሁም፣ ተመልሻለሁ። ዛሬ ሄደን መጣን። አሁን ውጭ ዶፍ እየጣለ ነው፣ ቦት ጫማዎቹ በር ላይ ተደርድረዋል፣ ባለቤቴ ጭቃውን አይታ ዝም ብላለች፣ ለጊዜው።

ያን ልጅ ፈልጌ አገኘሁት። ክረምቱን የአጎቱን ከብት ይጠብቃል፣ መስከረም ላይ ሰባተኛ ክፍል ይገባል። ደብተርና እስክሪብቶ ይዤለት ሄድኩ። ደስ አለው፣ ግን ከዚያ በላይ ደስ ያለው ታላቁ ልጄ ከጓደኛው የተዋሰው አቅራቢ መነጽር ነው። ከዓይኑ ማውረድ አቃተው። ከብቶቹ የሰው በቆሎ ውስጥ ሊገቡ ሲሉ እኔ ነኝ የመለስኳቸው!

ዳገቱ ላይ ላስቲክ ዘርግተን ተቀመጥን፣ ከውሃው በደንብ ርቀን። ለግማሽ ሰዓት ምንም የለም። ትንሿ ሰለቻት፣ ቆሎውን ጨረሰች፣ «ልሂድ» ማለት ጀመረች። ልጁ ክንዷን ነካ አደረገና ጣቱን ቀሰረ። ውሃው ላይ ሁለት ጆሮ። ከዚያ አፍንጫ። ፍፍፍ! ውሃ ወደ ላይ ተረጨ። ከዚያ ሌላ ሁለት ጆሮ ከጎኑ፣ ከዚያ በመካከላቸው በጣም ትንንሽ ሁለት ጆሮዎች። ስድስት ጆሮ ቆጠረች። ጣቷን እያጠፈች ሦስቴ ደጋግማ ቆጠረች፣ አንደኛው ሲገባ ከስድስቱ ላይ ሁለት ትቀንሳለች። ሒሳብ ክረምት ትምህርት ቤት ልከፍልበት ነበር።

ታዲያ ግልገል አለ ማለት ነው መምህር። ባለፈው የኛ መንገድ የትኛው ላይ እንደነበር ሳስበው ሆዴ ባዶ ሆነ።

ከዳገቱ ማዶ ጡብ የሚያቃጥሉት ሰዎች ጭስ ይታያል። ልጁን ጠየቅኩት። ድሮ ውሃው እስከዚያ ድረስ ነበር አለኝ፣ እጁን ዘርግቶ አንድ የጡብ ክምር አሳየኝ። «ድሮ» ያለው እሱ አራተኛ ክፍል እያለ ነው።

ጉማሬውን ሳይ ልጁን ኦሮምኛ እንዲያስተምረኝ ጠየቅኩት። ጉሬዛ ዌኒ ነው፣ ጅብ ወራቤሳ ነው፣ ዝንጀሮ ጀልዴሳ። ልጆቼ ከእኔ በፊት ያዙት። ባጃጅ ውስጥ ስንመለስ ትንሿ ለሾፌሩ «ሮቢ አይተናል» አለችው። ሾፌሩ በመስታወት አያት፣ «ዛሬ ቅዳሜ ነው እኮ የኔ እናት» አላት።

የኮቺው | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡52

😂😂😂 ሾፌሩ ያንተ ዘመድ ነው!

ቂቶ ያደግሁ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡15

የጡብ ክምሩ የት ጋ እንደሆነ ገብቶኛል። እናቴ እዚያ ነበር የምታጭደው።

ነርሷ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡30

ስድስት ጆሮ። ❤️ ቅዳሜ ተረኛ ካልሆንኩ የእህቴን ልጆች ይዤ ልምጣ?

ጭቃ ጠላሁ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡05

በስንት ሰዓት ነው የምትሄዱት? ለማወቅ ያህል ነው።

የሁለት ልጆች አባት | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡11

12 ተኩል ላይ። ቦት ጫማ አድርግ። ሙዝ እንዳታመጣ።